ሦስተኛው እጅ፦ ከጃፓን በተቀዱ የአውሮፓ ሥዕሎች የእጅ ቅጂዎች ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

የቫን ጎግን «ድልድይ በዝናብ» በእጅ የተቀባ የዘይት ቀለም ቅጂ አድርጎ ማዘዝ ዛሬ ቀላል ነው። ሸማቹ መጠኑንና ፍሬሙን ይመርጣል፣ ይከፍላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሸራው ተጠቅልሎ በካርቶን ቱቦ ይደርሰዋል። ሐያስያን ይህን ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነኩት ያልፋሉ። ማንንም ስላላታለለ ከሐሰተኛ ሥዕሎች ጋር አይመደብም፤ አዲስ ነገር ስላልፈጠረም ከጥበብ ሥራ አይቆጠርም። ይህ ዝምታ ለ«ሞና ሊዛ» ቅጂ ይበቃ ይሆናል። ለ«ድልድይ በዝናብ» ግን አይበቃም፤ በአምስተርዳሙ ቫን ጎግ ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል ራሱ ቅጂ ነውና። ቫን ጎግ በ1887 ፓሪስ ውስጥ ሲቀባው፣ ኡታጋዋ ሂሮሺጌ በ1857 ያወጣውን የእንጨት ሕትመት ከፊቱ አድርጎ እየተከተለ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግዲህ ዛሬ በቻይናዋ ሼንዠን ከተማ ብሩሽ ይዞ የተቀመጠው ሠዓሊ የሚገለብጠው ግልባጭን ነው። ከሂሮሺጌና ከቫን ጎግ ቀጥሎ ሥዕሉን የሚነካው ሦስተኛው እጅ የእሱ ነው።

በዚህ ዳሰሳ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ከጃፓን ሕትመት የተቀዱት የአውሮፓ ሥዕሎች በመገልበጥ የተወለዱ ናቸው፤ ስለዚህ የእነሱን ቅጂ «መገልበጥህ ነውር ነው» ብሎ መክሰስ ከንቱ ነው። ቅጂው መመዘን ያለበት ዋናውን ምን ያህል መሰለ በሚለው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ ከማን እጅ እንደመጣ ምን ያህል ያሳያል በሚለውም ነው። በዚህ ሚዛን ቫን ጎግ ታማኝ ገልባጭ ነበር። በዚሁ ሚዛን ዛሬ በገበያ ላይ ካሉት የእጅ ቅጂዎች አብዛኞቹ ይወድቃሉ፤ ለመውደቃቸው ግን ተጠያቂው የሠዓሊዎቹ እጅ አይደለም።

ሕትመቶቹ ወደ አውሮፓ የጎረፉበት መንገድ የታወቀ ስለሆነ አልዘገይበትም። የአሜሪካው የባሕር ኃይል አዛዥ ማቲው ፔሪ በ1853 መርከቦቹን ይዞ ከጃፓኗ ኤዶ ከተማ ደጃፍ ደረሰ። በ1854 የተፈረመው ውልም ጃፓን ከኔዘርላንድ ነጋዴዎች በቀር ለምዕራባውያን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግታው የቆየችውን በር አስከፈተ። በ1867ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ጃፓን ተካፋይ ሆነች፤ በ1872 ሐያሲው ፊሊፕ ቡርቲ ለአዲሱ ፍቅር «ጃፖኒስም» የሚል ስም አወጣለት። ማራገቢያው፣ ኪሞኖው፣ ሸክላው የፓሪስን ሳሎኖች ሞላ። ከሁሉም በርካሽ የሚገኘው ግን ሕትመቱ ነበር። ጀርመን ተወላጁ ነጋዴ ዚግፍሪድ ቢንግ በፓሪስ መደብሩ ክምር ሕትመት ነበረው፤ ቫን ጎግም እዚያ እየዋለ፣ አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ ከስድስት መቶ በላይ ገዛ። ሐሳቡ ሊነግድባቸው ነበር። በ1887 ታምቡራን በተባለ ካፌ ለእይታ አቀረባቸው፤ ንግዱ ሳይሳካ ቀረ። ሕትመቶቹ ግን በእሱና በወንድሙ ቴዎ እጅ ቆዩ፤ ከስብስቡ አብዛኛው ዛሬም በአምስተርዳም ይገኛል።

በዚያው ዓመት ሦስት ሕትመቶችን ወደ ዘይት ቀለም አሻገረ፦ ከሂሮሺጌ «ያበበ የፕለም አጸድ»ንና «ድልድይ በዝናብ»ን፣ ከኬይሳይ ኤይሰን ደግሞ «ኦይራን»ን። ሁለቱ የሂሮሺጌ ሕትመቶች ከ1856 እስከ 1858 ከወጣው፣ የኤዶን መቶ ዝነኛ ቦታዎች ከሚያሳየው ተከታታይ ሥራ የተወሰዱ ናቸው። የሕትመቱ ወረቀት ቁመቱ 36፣ ወርዱ 24 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የቫን ጎግ ድልድይ ግን 73.3 በ53.8 ሳንቲሜትር ነው። ጭን ላይ ተዘርግቶ፣ ወደ ዓይን ተጠግቶ ይታይ የነበረው ነገር ግድግዳ ላይ ወጥቶ ከርቀት የሚታይ ሆነ።

ዝናቡን ጠጋ ብለን እንመልከት። በሂሮሺጌ ሕትመት ዝናቡ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ነው። ማዘንበያቸው በጥቂቱ የሚለያይ ሁለት የእንጨት ሰሌዳዎች በላይ በላዩ ስለታተሙ መስመሮቹ ይጠላለፋሉ፤ ዓይንም ዶፉን ሲወርድ ያየዋል። ይህን የሠራው የሂሮሺጌ ብሩሽ ብቻ አይደለም። ፀጉር የሚያህለውን የእንጨት ጠርዝ ሳይሰብር ትቶ ዙሪያውን የፈለፈለው ቀራጭ ነው። ከላይ የተንጠለጠለው የደመና ጥቁረት ደግሞ የአታሚው ሥራ ነው፤ በረጠበው እንጨት ላይ ቀለሙን በእጁ እያሳሳ፣ ጃፓኖች ቦካሺ በሚሉት ስልት ያወጣዋል። ስለዚህም ደመናው ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ይለያያል።

የዘይት ቀለም ይህን አይችልም። ወፍራም ነው፣ ይጎተታል፣ በፀጉር ቅጥነት ለመሮጥ እምቢ ይላል። ቫን ጎግ ከእምቢታው ጋር ግብግብ አልገጠመም። ዝናቡን ወፈር ባሉ ጭረቶች ሠራው። ሂሮሺጌ ለስላሳ አድርጎ የተወውን ወንዝ በአረንጓዴና በሰማያዊ የብሩሽ ምቶች አናወጠው፤ የድልድዩንም ቢጫ አጋለው። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ጃንጥላቸውን ደፍተው፣ ጎንበስ ብለው ይሻገራሉ። በወንዙ ላይ ብቻውን የሚቀዝፈውም ሰው በቦታው አለ። ነገር ግን በሂሮሺጌ ሥራ ዓይን የሚይዘው ዝናቡ ሲሆን፣ በቫን ጎግ ወንዙ ነው። ቁሱ «ይህን አልሠራልህም» ሲለው ገልባጩ ሰማው፣ ሌላ መፍትሔም ፈለገ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሴንት ሬሚ ሕሙማን ማረፊያ የሠዓሊዎቹን የሚሌንና የዴላክሯን ሥራዎች በጥቁርና ነጭ ከታተሙ ምስሎች እያየ በቀለም ሲገለብጥ፣ ይህንኑ አሠራሩን በ1889 ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤ አስረድቷል። የቤትሆቨንን ድርሰት የሚጫወት ሙዚቀኛ የራሱን አተረጓጎም ይጨምራል፤ ሠዓሊም እንዲሁ ቢያደርግ ምን ይከለክለዋል የሚል ነበር ሙግቱ። እኔም ይህን ሙግት እቀበላለሁ።

ከዝናቡ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ዳሩ ነው። ቫን ጎግ የተጠቀመው በመደበኛ መጠን የሚሸጥ ሸራ ነበር። የሂሮሺጌ ወረቀት ግን ከዚያ ይልቅ ጠበብና ረዘም ያለ ስለሆነ፣ ምስሉ ሳይዛባ ሲገባ በዙሪያው ባዶ ቦታ ተረፈ። ምስሉን ጎትቶ ባዶውን መሸፈን ይችል ነበር። እሱ ግን ባዶውን ዳር አድርጎ፣ ከሌሎች ሕትመቶች በለቀማቸው የጃፓን ጽሑፎች ሞላው። ጃፓንኛ አያነብም፤ ፊደላቱ ለእሱ ቅርጽና ምት ብቻ ነበሩ፤ የተጻፈውም ከድልድዩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይህን አላዋቂነት ብሎ መንቀፍ ይቻላል፤ ነቀፋውም ከፊሉ ልክ ነው። ሆኖም ዳሩ አንድ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ተመልካቹ ሥዕሉን የፓሪስ ፈጠራ አድርጎ እንዳይወስደው ይከለክለዋል። ከወረቀት፣ ከሌላ አገር፣ ከሌላ እጅ የመጣ መሆኑ በአራቱም ጎን ተጽፏል።

በ«ኦይራን» ሰንሰለቱ ይረዝማል። ኤይሰን ዘንዶ የወጣበት የክብር ካባ የደረበች፣ በኤዶው ዮሺዋራ ሠፈር ከፍተኛ ማዕረግ የነበራትን የምሽት እመቤት ነደፈ፤ ቀራጭ ቀረጸ፣ አታሚ አተመ። ሕትመቱ ፓሪስ ደርሶ «ፓሪ ኢሉስትሬ» የተባለው መጽሔት በግንቦት 1886 ባወጣው የጃፓን ልዩ እትም ሽፋን ላይ ታተመ። መጽሔቱ ሲያትመው ምስሉ ተገልብጦ ግራው ቀኝ ሆነ። ቫን ጎግ የሠራው ከዚህ ሽፋን ነው። በሚያሳይ ወረቀት ላይ ነድፎ፣ ካሬ መስመሮች አስምሮ፣ ወደ 100.7 በ60.7 ሳንቲሜትር ሸራ አሳደገው። ያ ንድፍ ወረቀት እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ስለዚህ ዓለም በቫን ጎግ ስም የሚያውቃት ሴት ኤይሰን ካቆማት በተቃራኒ አቅጣጫ ዞራ ትታያለች። በዙሪያዋ ቫን ጎግ ኩሬ፣ ሸምበቆ፣ ከሩቅ ታንኳ፣ በጎን ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች፣ ከታች እንቁራሪቶች ጨመረ። ወፎቹና እንቁራሪቶቹ ለጌጥ ብቻ አልመጡም፤ የሁለቱም ስም በጊዜው የፈረንሳይ የመንገድ ቋንቋ ሴተኛ አዳሪን የሚያመለክት ስድብ ነበር። ዳሩ መካከል ላይ ስላለችው ሴት ሐሜት ያወራል። ይህ አንባቢን ደስ የማያሰኝ ነገር ነው፤ ግን የሥዕሉ አካል ስለሆነ ማንም ቅጂ ሊተወው አይገባም።

ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር «ዋናው» የምንለው ነገር ይሸሻል። የሂሮሺጌ ሕትመት በሺዎች የተባዛ የንግድ ዕቃ ነበር፤ ዋጋውም የኤዶ ተራ ነዋሪ የሚችለው ነበር። ነዳፊው፣ ቀራጩ፣ አታሚውና አሳታሚው ተባብረው ያወጡታል። የሂሮሺጌ ስምና የአሳታሚው የኡኦያ ኤይኪቺ ማኅተም በወረቀቱ ላይ አለ፤ ፀጉር የሚያህለውን ዝናብ የቀረጸው ሰውና ደመናውን ያሳሳው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቁ ቀርተዋል። የሦስተኛው እጅ ስም አልባነት፣ እንግዲህ፣ በሼንዠን አልጀመረም።

ሰማያዊውም ቀለም ታሪክ አለው። አውሮፓውያን የጃፓን ሰማያዊ ብለው የተደመሙበት ጥልቅ ቀለም፣ ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በፉጂ ተራራ ሕትመቶቹ፣ ሂሮሺጌም ከእሱ በኋላ በወንዞቹና በሰማዮቹ የተጠቀሙበት፣ የፕሩሲያ ሰማያዊ ይባላል። የተገኘው በርሊን ውስጥ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በኬሚካል ሥራ ነው። በኔዘርላንድና በቻይና መርከቦች ናጋሳኪ ገባ፤ ሲረክስ የኤዶ አታሚዎች ተሻሙበት። ወደ ሩቅ አድማስ የሚያፈገፍገውንም የርቀት አሣሣል የጃፓን ሠዓሊዎች ከኔዘርላንድ ምስሎች ተምረው በራሳቸው መንገድ ሠርተውበታል። ቫን ጎግ በሂሮሺጌ ወንዝ ፊት ቆሞ ሲደመም፣ የተደመመበት ነገር ከፊሉ ከአውሮፓ ወጥቶ፣ በጃፓን እጅ ተለውጦ የተመለሰ ነበር። እዚህ ላይ ማን ከማን ገለበጠ ብሎ ዳኝነት መቀመጥ አይቻልም። የሚቻለው እያንዳንዱ እጅ ምን ጨመረ፣ ምን ጣለ ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ ሦስተኛው እጅ እንምጣ። የሆንግ ኮንጉ የሥዕል ነጋዴ ኋንግ ጂያንግ በ1989 በሼንዠን ዳር ወደምትገኘው ዳፈን መንደር ገብቶ ሠዓሊዎችን ቀጠረ፤ መንደሩ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሠዓሊዎች የሚኖሩበት የዘይት ቀለም ቅጂ ማዕከል ሆነ። ትእዛዙ በብዛት ከአሜሪካና ከአውሮፓ ይመጣ ነበር፤ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ሲመታቸው ግን ገበያው ቀዘቀዘ፣ ብዙዎችም ፊታቸውን ወደ ቻይና ገዢዎች አዞሩ። ስለ ዳፈን ብዙ የተባለው ነገር የፋብሪካ ሥዕል ነው፦ አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ዛፉን እየቀባ በተርታ የሚሠራበት። የታሪክ ተመራማሪዋ ዊኒ ዎንግ ስለ መንደሩ በጻፈችው መጽሐፍ ይህን ምስል በጥብቅ ትሞግተዋለች፤ ያገኘቻቸው ሠዓሊዎች ባብዛኛው በየቤታቸውና በየትንንሽ ሥራ ቦታቸው፣ እንደ ማንኛውም ባለሙያ፣ በትእዛዝ የሚሠሩ ናቸው። በ2016 የወጣው «የቻይና ቫን ጎጎች» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ለዓመታት ቫን ጎግን ሲገለብጥ የኖረ አንድ የዳፈን ሠዓሊ ወደ አምስተርዳም ሲጓዝ ይከተለዋል። ሠዓሊው ዋናዎቹን ሥዕሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። የራሱ ቅጂዎችም እሱ ከሚያገኘው በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚሸጡት በመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ መሆኑን ይረዳል። ከዋናው ፊት ቆሞ ቀለሙ ከሚያውቀው የተለየ እንደሆነ የሚናገርበት ክፍል ለዚህ ዳሰሳ ዋና ማስረጃ ነው። ሃያ ዓመት ያህል የሠራው ሥዕሉን ሳይሆን የሥዕሉን ፎቶግራፍ ነበር።

ቫን ጎግም ኦይራንን የሠራው ከመጽሔት ሽፋን ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ግን የጃፓን ሕትመት ምን እንደሚመስል ያውቅ ነበር፤ በመቶዎች የሚቆጠሩት ቤቱ ነበሩ፣ ወረቀቱን ዳስሷል፣ የቀለሙን መግባትና መሳሳት በዓይኑ አይቷል። የዳፈኑ ሠዓሊ ከዋናው ጋር እንዲህ ያለ ቅርበት አልተሰጠውም። በእጁ ያለው አንድ ፋይል፣ የታዘዘው መጠንና የማስረከቢያ ቀን ነው።

መጠኑ የሚያደርሰውን ጉዳት በቁጥር ማሳየት ይቻላል። በገበያው ከተለመዱት መጠኖች አንዱ 60 በ90 ሳንቲሜትር ነው። «ድልድይ በዝናብ»ን በዚህ ምጣኔ ለማስገባት ከመጀመሪያው ሥዕል ወርድ አምስት ሳንቲሜትር ያህል መቆረጥ አለበት፤ ከግራ ሁለት ተኩል፣ ከቀኝ ሁለት ተኩል። የሚቆረጠው በትክክል ያ ፊደል የተጻፈበት ዳር ነው። «ኦይራን» ደግሞ ከዚህ ምጣኔ ረዘም ያለች ስለሆነች ከቁመቷ ወደ አሥር ሳንቲሜትር ታጣለች፤ ከላይ ከተቆረጠ ታንኳው፣ ከታች ከተቆረጠ እንቁራሪቶቹ ይነካሉ። ላለመቁረጥ ብሎ ምስሉን የሚጎትትም አለ፤ ያኔ የሴትየዋ ቁመና ይዛባል። ቫን ጎግ መደበኛ ሸራ ሲገጥመው ዳር ጨመረ፤ የዛሬው ገበያ መደበኛ ሸራ ሲገጥመው ዳር ይቆርጣል። የሂሮሺጌ መነሻነት በግልጽ የሚታይበት ያ ጠርዝ መጀመሪያ የሚሠዋው ነው። ዳሩ በሚቀርበትም ቅጂ ውስጥ የሚገርም ዕድል ይባክናል። ቫን ጎግ እንደ ጌጥ የገለበጣቸውን ምልክቶች ቻይንኛ የተማረ ሠዓሊ በከፊል ሊያነባቸው ይችላል፤ ከሦስቱ እጆች መካከል ሁለተኛው ያላነበበውን የማንበብ አቅም ያለው ሦስተኛው ነው። ይህን ዕውቀቱን ግን የሚጠይቀው ደንበኛ የለም።

የቀለሙ ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ቫን ጎግ በጥቅምት 1888 በአርል የቀባውን «መኝታ ክፍል» እንውሰድ። ጃፓናዊ ነገር አይታይበትም፤ ሆኖም ለቴዎ ሲጽፍ ጥላዎቹን ሁሉ እንዳወጣቸው፣ ቀለሙንም እንደ ጃፓን ሕትመት ጠፍጣፋ አድርጎ እንደቀባው ገልጿል። ግድግዳዎቹ ፈዛዛ ሐምራዊ እንደነበሩም ጽፏል። ዛሬ ሥዕሉን የሚያይ ሰው የሚያገኘው ሰማያዊ ግድግዳ ነው፤ በቅልቅሉ ውስጥ የነበረው ቀይ በብርሃን ደብዝዟል። በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው የአይሪስ አበቦች ሥዕልም እንዲሁ ሮዝ ጀርባው ነጭ ወደ መሆን ደርሷል። ታዲያ ገልባጩ የትኛውን ይቅባ? የ1888ቱን ሐምራዊ ወይስ የዛሬውን ሰማያዊ? ቫን ጎግ ራሱ ይህን ሥዕል ሁለት ጊዜ ደግሞታል። የመጀመሪያው በእርጥበት ስለተጎዳ በ1889 በተመሳሳይ መጠን አንድ፣ ለእናቱና ለእኅቱ ደግሞ አነስ ያለ ሌላ ሠራ። ሦስቱ በአምስተርዳም፣ በቺካጎና በፓሪስ ይገኛሉ፤ በ2016 የቺካጎ የጥበብ ተቋም ሦስቱንም አንድ ላይ ሲያሳይ የጥንቱ ቀለማቸው በኮምፒዩተር ምን ይመስል እንደነበር አብሮ አቅርቧል። ሠዓሊው በጥሩ ባለሙያነት የቀለሙን ታሪክ አጥንቶ ሐምራዊ ግድግዳ ቢቀባ፣ ደንበኛው ተሳስቷል ብሎ ይመልስበታል። ለእኔ እንዲህ ያለ ቅጂ ካሉት ሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ነው። ማሽን የማይደፍረውን ውሳኔ ወስኗልና።

ስለ ማሽን ካነሣን፣ ቫን ጎግ ሙዚየም ከጃፓኑ ፉጂፊልም ጋር ሆኖ በ2013 የሸራውን ገጽ ጎድጓዳና ጉብታ ጭምር የሚያስቀር ቅጂ አውጥቷል። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ «የለውዝ አበባ» ነው፤ ቫን ጎግ በጥር 31 ቀን 1890 ለተወለደው የወንድሙ ልጅ በየካቲት የቀባው፣ ቅርንጫፎቹ ያለ መሬት፣ ያለ ግንድ፣ በሰማይ ላይ ብቻ የተዘረጉበት፣ ከሥራዎቹ ሁሉ ለጃፓን ዓይን ከቀረቡት አንዱ። የአንዱ ቅጂ ዋጋ 25,000 ዩሮ ገደማ ነበር። የሰው እጅ የሠራው በጥቂት መቶዎች ሲሸጥ መሣሪያ የሠራው በአሥር ሺዎች መሸጡ ስለ ጥራት ብዙ አይነግረንም፤ የሚነግረን የሙዚየም ማኅተም ዋጋ እንዳለው፣ የሠዓሊ እጅ ግን ማኅተም እንደሌለው ነው። በቴክኒክ ረገድ መሣሪያው የብሩሹን ጉብታ በትክክል ያስቀራል። በፎቶ የሚሠራው ሠዓሊ ጉብታውን ስለማያየው በሁሉም ቦታ እኩል ያወፍረዋል። በእጅ ቅጂ ላይ የማየው ትልቁ የሙያ ጉድለት ይኸው ነው፤ ቫን ጎግ ሰማዩን በስሱ፣ አበባውን በወፍራሙ የለየበት ልዩነት ይጠፋል።

ቅጂ ቁጣ የሚቀሰቅስበትም ጊዜ አለ። ክሎድ ሞኔ በ1876 ሚስቱን ካሚልን ብጫ ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጋ፣ ቀይ ኪሞኖ ለብሳ፣ በማራገቢያዎች መካከል ቆማ ቀባት። ሥዕሉ በቦስተን የጥበብ ሙዚየም ነው። የጃፓኑ ማሠራጫ ኤን ኤች ኬ ሥዕሉ ጃፓን ሄዶ በታየበት ጊዜ የኪሞኖውን ቅጂ በጨርቅ አሠርቶ ነበር። በ2015 ክረምት ሙዚየሙ ጎብኚዎች ኪሞኖውን ለብሰው በሥዕሉ ፊት ፎቶ እንዲነሱ ሲጋብዝ ተቃውሞ ገጠመው፤ ተቃዋሚዎቹ የሌላውን ባህል መጫወቻ አደረጋችሁት አሉ። ሌሎች፣ ጃፓናውያንም ጭምር፣ ኪሞኖ ለብሰው መጥተው የለም፣ ተዉት አሉ። ሙዚየሙ በመጨረሻ መልበሱን ትቶ መንካት ብቻ ፈቀደ። ሁለቱም ወገኖች ስለ ለባሹ ተከራከሩ። ልብሱን ስለሠሩት እጆች፣ ከጠፍጣፋ ሥዕል ተነስቶ የጥልፉን ክር መልሶ ስለማግኘት ሙያ ግን ብዙ ሲወራ አልሰማንም። እኔ በዚያ ክርክር ውስጥ የጎደለው ይህ ነበር እላለሁ።

ቅጂን ሳይደብቁ ማክበር እንደሚቻል የሚያሳይ አንድ ቦታ ጃፓን ውስጥ አለ። በናሩቶ ከተማ በ1998 የተከፈተው ኦትሱካ ሙዚየም ከአንድ ሺህ በላይ የምዕራቡን ዓለም ዝነኛ ሥዕሎች በሸክላ ሰሌዳ ላይ፣ በትክክለኛ መጠናቸው ያሳያል። ከእነሱም መካከል አንዱ ዋናው በዓለም ላይ የሌለ ነው፦ ቫን ጎግ በ1888 ከቀባቸው የሱፍ አበባዎች አንዱ፣ ወደ ጃፓን ተወስዶ በአሺያ ከተማ በነሐሴ 6 ቀን 1945 የአየር ድብደባ የተቃጠለው። ጎብኚው የሚያየው ሸክላ እንደሆነ ያውቃል፤ ከማን እንደተወሰደና ለምን እንደተሠራም ያውቃል። ሙዚየሙ ዋናውን አስመስሎ ለማሳሳት አልሞከረም፤ ስለዚህ ቅጂው የጠፋውን ሥዕል ትዝታ በክብር ይዞታል።

በዳፈንና መሰል ቦታዎች የሚሠሩት ቅጂዎች ይህን ክብር የሚነፈጉበት ምክንያት የሚታየኝ በማስታወቂያው ላይ ነው። ሻጩ «መቶ በመቶ በእጅ የተቀባ» ብሎ ያውጃል፤ እጁ የሸቀጡ ዋና መስህብ ነው፣ የእጁ ባለቤት ግን ስም የለውም። «ድልድይ በዝናብ» ሲሸጥ የቫን ጎግ ስም በትልቁ ይጻፋል፣ የሂሮሺጌ ይዘለላል። «ኦይራን» ስትሸጥ ኤይሰን የሚባል ሰው እንደነበረ አይነገርም፤ በቫን ጎግ ሙዚየም መዝገብ ግን የሁለቱም ሥዕሎች ርእስ ከማን እንደተቀዱ በግልጽ ያስቀምጣል። ሻጩ ይህን ለመጻፍ አንድ ሳንቲም አያወጣም። ቅጂ ሻጮች በሸራው ጀርባ ነዳፊውን፣ ቀጥሎ የገለበጠውን፣ በመጨረሻም ይህን ሸራ የቀባውን ሰው ስምና ዓመቱን ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን መጠን ይግለጹ፤ ዳሩንም አይቁረጡ። ገዢውም፣ ፍሬሙን ከመምረጡ በፊት፣ ሥዕሉን የሚቀባለት ማን እንደሆነ ይጠይቅ፤ መልስ ከማይሰጠው ሻጭም አይግዛ።